አንድ ሳምንት በስሎቬኒያ፦ ስፖርት ከሚወድ ልጅና ገና አራት ዓመት ከሆነው ታናሹ ጋር

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቪየና ነው። በጁላይ ሁለተኛ ሳምንት ለሰባት ቀን በመኪናችን ወደ ስሎቬኒያ ልንሄድ አስበናል። ልጆቻችን የ13፣ የ9 እና የ4 ዓመት ናቸው። ትልቁ ልጃችን ብስክሌትና ቅርጫት ኳስ ይወዳል፤ የብስክሌተኛው የፖጋቻርና የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ የዶንቺች አገር ነውና አንድ ትልቅ ውድድር በዓይኑ ማየት ይፈልጋል፤ የፕላኒትሳን የስኪ ዝላይም ጨምሮ። ‹ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ ይህን ሁሉ ስፖርተኛ ከየት አመጣ?› እያለም ይጠይቀናል። ባለቤቴ ደግሞ የአገሬው ሰው ሁሉ ይወጣዋል የሚባለውን የትሪግላቭን ተራራ ከልጆቹ ጋር መውጣት አምሮታል። አገሩ ትንሽ ስለሆነ ዋና ከተማው ሉብሊያና አርፈን ሐይቁን፣ ዋሻዎቹን፣ ወንዙንና ባሕሩን በየቀኑ እየተመላለስን እናዳርሳለን ብለናል። ዕቅዳችን ያስኬዳል?»

ምላሽ፦ እንደ ተጻፈው አያስኬድም። ውድድሮቹ በጁላይ የሉም፣ ተራራው ለሁለቱ ታናናሽ ልጆች አይሆንም፣ ማረፊያውም የተመረጠው በካርታ እንጂ በመንገድ ተለክቶ አይደለም። ይሁን እንጂ ከሦስቱ አንዱም የማይታረም ስላልሆነ ምክንያቱን በየተራ አስረዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ትንሽ አገር» ከሚለው ቃል ልጀምር፤ አብዛኛውን ቤተሰብ የሚያሳስተው እርሱ ነውና። ስሎቬኒያ ስፋቷ ከ20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ፣ ሕዝቧም 2.1 ሚሊዮን ገደማ የሆነ አገር ናት፤ የኢትዮጵያን ምድር ሃምሳ ቦታ ብንቆርሰው አንዱ ቁራሽ ከእርሷ ይበልጣል። ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ሉብሊያና ላይ ተገናኝተው በየአቅጣጫው ይበተናሉ፤ በእነርሱ ላይ እስካላችሁ ድረስ የአገሩ ትንሽነት እውነት ነው። ከእነርሱ ወጥታችሁ ወደ ዩልያን አልፕስ ሸለቆዎች ከገባችሁ ግን የአንድ ተራራ ፊትና ጀርባ የሆኑ ሁለት መንደሮች እንኳ በመኪና በሰዓታት ሊለያዩ ይችላሉ። የክራኝስካ ጎራን መንደር ከሶቻ ወንዝ ሸለቆ ጋር የሚያገናኘው የቭርሺች መተላለፊያ 1,611 ሜትር ከፍታ ላይ የሚደርስ ሲሆን፣ በሁለቱ ወገን 50 ጥምዝ መታጠፊያዎች አሉት፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ቁጥሩ ተጽፎበታል፣ በሰሜኑ በኩል ያሉት ደግሞ በኮብልስቶን የተነጠፉ ናቸው። ከኋላ የተቀመጠ የአራት ዓመት ልጅ ሃያኛውን ቁጥር ሳያይ ሊያስመልሰው እንደሚችል አስቀድማችሁ አስቡ። ሉብሊያና አርፎ ሶቻን በደርሶ መልስ ማየት ማለት ከቀኑ ውስጥ አራትና አምስት ሰዓት መኪና ውስጥ ማሳለፍ ማለት ነው።

ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ሁለት ማረፊያ ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ በተራራው፣ ሌላው በዋሻዎቹና በባሕሩ መካከል። ሉብሊያና በመንገዳችሁ ላይ ስለሆነች ለእርሷ ሲያልፉ የሚሰጥ ግማሽ ቀን ይበቃታል።

አሁን ወደ ልጃችሁ ምኞት ልምጣ። በጁላይ በስሎቬኒያ ምድር ፖጋቻርን አያገኘውም፤ ወሩ የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ነውና ሰውየው ፈረንሳይ ነው። ባለ ብዙ ምዕራፉ የስሎቬኒያ ዙር ውድድር የሚካሄደው በጁን ነው። ቅርጫት ኳስ በበጋ የሚያርፍ የአዳራሽ ስፖርት ስለሆነ በጁላይ አዳራሾቹ ጸጥ ያሉ ናቸው። የፕላኒትሳው ትልቅ ዝላይ ደግሞ የስኪ ዝላይ የዓለም ዋንጫው ወቅት የሚዘጋበት የማርች መጨረሻ ድግስ ነው። በቴሌቪዥን የሚያዩት ነጭ ቁልቁለት በጁላይ ሣር የለበሰ ገደል ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ።

ይህን ማለቴ ፕላኒትሳን ሰርዙ ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም በሣር ሲታይ ቁልቁለቱ ይበልጥ ያስፈራል። በዚህ ሸለቆ በ1936 ኦስትሪያዊው ሴፕ ብራድል ከ100 ሜትር በላይ የዘለለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ1994 ፊንላንዳዊው ቶኒ ኒሚነን 203 ሜትር ዘልሎ የ200ን ወሰን ተሻገረ፤ በማርች 2025 ደግሞ የአገሩ ልጅ ዶመን ፕሬቭትስ 254.5 ሜትር ሄዶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ልጃችሁን ከመድረኩ ግርጌ አቁሙትና መነሻውን በዓይኑ ይፈልግ፤ አንገቱን ሙሉ በሙሉ ካላቀና አያገኘውም። ታናናሾቹ መድረኮች ፕላስቲክ የተነጠፈባቸው ስለሆኑ በበጋም ልምምድ ይደረግባቸዋል፤ ፕላስቲኩ ውኃ ይረጭበትና ዘላዩ በርጥበቱ ላይ ይንሸራተታል። ዕድል ከቀናችሁ ከዘጠኝ ዓመት ልጃችሁ እምብዛም የማይበልጡ ልጆች ተራ በተራ ሲዘሉ ታያላችሁ፤ በእኔ ግምት ይህ ለሕፃናት ከዓለም ዋንጫው የበለጠ ትምህርት አለው። ማዕከሉ የስፖርቱ ሙዚየምና ከትልቁ መድረክ ጫፍ በሽቦ ተንጠልጥለው የሚወርዱበት ዚፕላይንም አለው፤ ዚፕላይኑ የክብደት ገደብ ስላለበት የአሥራ ሦስት ዓመቱ ይፈቀድለት እንደሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ፤ የአራት ዓመቱ ነገር ግን አይነሳ።

«ከየት አመጡት?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ ተፈጥሮ ነው፤ ተራራ ስላላቸው ይላል። ተራራ ግን ብዙ አገር አለው። ልዩነቱ ያለው በማኅበራትና በትምህርት ቤት ሥርዓት ላይ ነው። ሶኮል የሚባለው የጂምናስቲክስ ማኅበር በሉብሊያና የተቋቋመው በ1863 ነው፤ ከዚያ ባህል የወጣው ሌዮን ሽቱኬል በ1924 በፓሪስ ሁለት፣ በ1928 በአምስተርዳም አንድ የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝቶ ዕድሜው 101 ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በ1999 ዐረፈ። ዛሬም በየዓመቱ በኤፕሪል ወር የትምህርት ቤት ልጆች ሩጫቸው፣ ዝላያቸው፣ ጉልበታቸውና ቁመታቸው ይለካል፤ ስሎፊት የሚባለው ይህ ምዘና በአገር አቀፍ ደረጃ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሳይቋረጥ ስለቆየ አንድ ወላጅ የልጁን አቅም ከራሱ የልጅነት ዘመን ጋር ሊያስተያይ ይችላል። ክፍሎች ደግሞ ለቀናት ከከተማ ወጥተው ዋናና ስኪ የሚማሩበት «ትምህርት ቤት በተፈጥሮ ውስጥ» የሚባል ልማድ አላቸው። ከዚህ የተነሣ አንዱን ስፖርት ትቶ ወደ ሌላው መሻገር እዚያ አያስደንቅም፤ ፕሪሞዥ ሮግሊች በወጣትነቱ የስኪ ዘላይ ነበር፤ በኋላ ብስክሌት ይዞ የስፔኑን ዙር ቩዌልታን አራት ጊዜ፣ የጣሊያኑን ዙር ጂሮን በ2023 አሸነፈ። ያንያ ጋርንብሬት በዓለት መውጣት ስፖርት በቶኪዮም በፓሪስም ወርቅ ወስዳለች። በ2017 የአውሮፓን የቅርጫት ኳስ ዋንጫ ሲወስዱና ሰርቢያን በፍጻሜው 93 ለ 85 ሲረቱ ዶንቺች ገና 18 ዓመቱ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን የሕዝቡ እውነተኛ ስፖርት ተመልካች የለውም፤ በተራራ ላይ መሄድ ነው። የተራራ ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1893 ሲሆን፣ ዛሬ ምልክት የተደረገባቸው የእግር መንገዶች ርዝመት ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ምልክቱ በየድንጋዩና በየዛፉ ግንድ ላይ የተቀባ፣ መካከሉ ነጭ ዙሪያው ቀይ የሆነ ክብ ነው፤ ለዘጠኝ ዓመቷ «ቀጣዩን ክብ ፈልጊ» ማለት ሁለት ሰዓት ያለ ልቅሶ ያስኬዳል። የተራራ ቤቶቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማኅተም አላቸው፤ ልጆች ትንሽ ደብተር ይዘው በደረሱበት ሁሉ ማኅተም ይመታሉ፤ ከዚያም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከገብስና ከቦሎቄ የተሠራ ሪቼት የሚባል ወፍራም ሾርባ ይበላሉ። ደብተሩን ከመጀመሪያው ቀን ግዙላት።

እዚህ ላይ የትሪግላቭ ነገር ይመጣል። ተራራው 2,864 ሜትር ከፍታ አለው፤ በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ባለው አርማም ተሥሏል፤ ስሎቬኒያዊ የሆነ ሁሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ መውጣት አለበት የሚባለውም እውነት ነው። ይህ አባባል ግን ተራራው ቀላል ነው ማለት አይደለም። የመጨረሻው ክፍል በእግር የሚሄዱበት ሳይሆን በዓለት ላይ በተተከሉ ብረቶችና በተዘረጉ ሽቦዎች እየተያዘ የሚወጣ ጠባብ ጀርባ ነው፤ ሄልሜት፣ የወገብ መታጠቂያና ከሽቦው ጋር የሚያያዝ ገመድ ይጠይቃል። በጫፉ ላይ ያኮብ አልያዥ የተባለ ቄስ በ1895 ያስተከለው የብረት ማማ አለ፤ በጁላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲመጣ በዚያ ብረት አጠገብ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። ስለዚህ ለአራት ዓመቱና ለዘጠኝ ዓመቷ መልሴ አይሆንም ነው። ባለቤትዎና ትልቁ ልጅ ለብቻቸው፣ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር፣ በሁለት ቀን፣ በመንገድ ላይ ባለ የተራራ ቤት አድረው ሊያደርጉት ይችሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ የቤተሰቡን ሳምንት ለሁለት ይከፍላል፣ የአየሩም ሁኔታ በተያዘው ቀን ላይፈቅድ ይችላል። እኔ ለዚህ ጉዞ አልመክረውም። በምትኩ ከቦሂኝ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ወደ ቮገል የሚወጣው ኬብል ካር በጥቂት ደቂቃ 1,535 ሜትር ላይ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ትሪግላቭ ከፊት ለፊት ወለል ብሎ ይታያል፣ ሕፃኑም የሚሄድበት ሰፊ መንገድ አለ። በማንኛውም ተራራ ላይ ጠዋት ወጥቶ እስከ ቀትር መውረድ የበጋ ሕግ ነው።

የመጀመሪያው ማረፊያችሁ ቦሂኝ ይሁን፤ ዝነኛው የብሌድ ሐይቅ አይሁን። ብሌድን አትዩ አላልኩም፤ ደሴቷና ቤተ ክርስቲያኗ፣ ወደ እርሷ የሚያወጡት 99 የድንጋይ ደረጃዎች፣ ቆሞ በሚቀዝፍ ሰው የሚነዳው ፕሌትና የሚባለው ባለ ጥላ ጀልባ፣ ገደል ላይ የተሠራው ግንብ ሁሉም ፎቶ ላይ እንደሚታዩት ናቸው። በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ አይፈቀድም፤ ጸጥ ያለ ውኃው የዓለም የቀዘፋ ሻምፒዮና በ1966፣ 1979፣ 1989 እና 2011 እንዲካሄድበት ምክንያት ሆኗል። ዙሪያው ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደልዳላ መንገድ ስለሆነ የሕፃን ጋሪ ይገፋበታል። ስትራዣ ከሚባለው ኮረብታ የሚወርደው የበጋ ሸርተቴም አለ፤ በብረት ሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ጋሪ ተቀምጦ ፍሬኑን ራሱ እየያዘ የሚወርደው ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃውም፤ ትንንሾች ከአዋቂ ጋር ይቀመጣሉ። ግን በጁላይ እኩለ ቀን ላይ ብሌድ መኪና ማቆሚያ የማይገኝበት፣ የሚያርፉበትም የሚወደድበት ቦታ ነው። ከማለዳው ሁለት ሰዓት በፊት ደርሳችሁ እስከ ቀትር ውጡ።

ቦሂኝ ወደ ተራራው ትንሽ ዘልቆ የሚገኝ፣ በትሪግላቭ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለና ከብሌድ የሚበልጥ ሐይቅ ነው፤ ርዝመቱ ከ4 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ጥልቀቱም 45 ሜትር ይደርሳል። በዳርቻው በነጻ ይዋኛል፤ ውኃው ከብሌድ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ጠጠሩ እግር ስለሚቆረቁር የውኃ ጫማ ያዙ፤ የሐይቁ ዳርቻ በአንዳንድ ቦታ ሁለት እርምጃ ሄዶ ድንገት ስለሚሰምጥ ደግሞ የአራት ዓመቱ ልጅ ከውኃው አጠገብ እስካለ ድረስ ላይፍ ጃኬቱን አያውልቅ። በእጅ ላይ የሚታሰር ሊነፋ የሚችል ፕላስቲክ የላይፍ ጃኬት ምትክ አይደለም።

ለትልቁ ልጅ አንድ ቀን ስጡትና ወደ ክራኝስካ ጎራ ሂዱ። ከየሰኒትሴ ወደ ጣሊያን ድንበር ይሄድ የነበረው የባቡር መስመር በ1960ዎቹ ተዘግቶ ዛሬ የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ ሐዲድ የነበረ ስለሆነ ዳገቱ አይሰማም። ከክራኝስካ ጎራ እስከ ፕላኒትሳ ከአሥር ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በመንገዱ ላይ ዘለንትሲ የሚባለውን የሳቫ ዶሊንካ ወንዝ መፍለቂያ ታያላችሁ፤ ከኩሬው ወለል ነጭ ደለል እንደ ፈላ ወተት እየተገላበጠ ውኃው አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ብስክሌት የሚያከራዩ በመንደሩ ሞልተዋል፤ ለሕፃኑ ከኋላ የሚጎተት ጋሪ ጠይቁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኦስትሪያ ውስጥ የተራ ብስክሌት ሄልሜት ግዴታ የሚሆነው ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ነውና ትልቁ ልጃችሁ ያለ ሄልሜት መንዳት ለምዶ ይሆናል፤ በስሎቬኒያ ግን ግዴታው እስከ 18 ዓመት ነው። ቭርሺችንም ልሞክር ካለ ማለዳ መኪናና ሞተር ሳይበዛ ይሞክር፤ ከክራኝስካ ጎራ እስከ ጫፉ 800 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ስለሆነ ስምንተኛው መታጠፊያ አካባቢ ያለችው የሩሲያውያን የእንጨት ጸሎት ቤት ጋ ደርሶ ቢመለስ አያፍርም። ጸሎት ቤቷ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህን መንገድ ሲሠሩ በ1916 በበረዶ ናዳ ላለቁት ሩሲያውያን ምርኮኞች መታሰቢያ ናት።

ውድድርን በተመለከተም ልጃችሁ ባዶ እጁን አይመለስም። በጁላይ ከሰዓት በኋላ ማንኛውም የመንደር ቡና ቤት ቴሌቪዥኑን ቱር ደ ፍራንስ ላይ አድርጎ ነው የሚውለው፤ የዳገቱ ክፍል ሲጀመር ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ካርታቸውን ያስቀምጣሉ። ከእነርሱ መካከል ተቀምጦ አንድ የተራራ ምዕራፍ ማየት ከየትኛውም አዳራሽ ይልቅ የአገሩን ልብ ያሳየዋል። ቢንያም ግርማይ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ በወሰደበት በ2024 የአጠቃላይ አሸናፊውን ቢጫ የወሰደው ፖጋቻር እንደ ነበረ ካስታወሳቸው ጨዋታው በዚያው ይደምቃል።

የዋሻው ምርጫ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም «ዋሻ ያው ዋሻ ነው» ብለው የተሳሳተውን የሚመርጡ ብዙ ናቸው። የደቡብ ምዕራቡ አካባቢ ምድር የኖራ ድንጋይ ነው፤ የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ቀላል አሲድ ስለሚሆን ድንጋዩን በሚሊዮን ዓመታት እያሟሟ ከሥር ይፈለፍለዋል፤ ወንዞችም በመሬት ላይ መሄዳቸውን ትተው ውስጥ ለውስጥ ይሄዳሉ። አካባቢው ክራስ ይባላል፤ የዓለም ጂኦሎጂ እንዲህ ያለውን መሬት ሁሉ ካርስት ብሎ የሚጠራው ከዚህ ስም ወስዶ ነው። በዚህ ምድር ሁለት ታላላቅ ዋሻዎች ለጎብኚ ክፍት ናቸው።

ፖስቶይና ከ1819 ጀምሮ ጎብኚ የሚቀበል ሲሆን፣ በውስጡ ባቡር የገባው በ1872 ነው። ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አብዛኛውን ርቀት በትንሽ ክፍት ባቡር ተቀምጣችሁ፣ ቀሪውን በተነጠፈ መንገድ በእግር ትሄዳላችሁ። ባቡሩ ከጣሪያ የተንጠለጠሉትን ድንጋዮች ጥግ ለጥግ ሲያልፍ ልጆች ሳይነገራቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። መጨረሻ ላይ በጨለማ ገንዳ ውስጥ ፕሮቴዎስ የተባለው እንስሳ አለ፤ ቆዳው እንደ ሰው ገላ ፈዛዛ ስለሆነ «የሰው ዓሣ» ይሉታል፤ አያይም፣ እስከ መቶ ዓመት ይኖራል ተብሎ ይገመታል፣ ያለ ምግብም ለዓመታት መቆየት ይችላል። በ2016 እዚሁ ዋሻ ውስጥ በገንዳ የተቀመጡ እንቁላሎቹ ተፈልፍለው ትልቅ ዜና ሆነው ነበር። ሽኮትስያን ደግሞ በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ከመሬት በታች እውነተኛ ሸለቆ፣ ከሥሩ የሚጮኽ ወንዝ፣ ከወንዙም በላይ ከ40 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ድልድይ አለው። ለአዋቂ ሰው ከሁለቱ የሚበልጠው እርሱ ነው፤ ይህን ያለ ማመንታት እላለሁ። ነገር ግን ሁሉም በእግር ነው፤ ደረጃው በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ ጋሪ አይገባም፤ በዋሻው ውስጥ ፎቶ ማንሣትም አይፈቀድም። የአራት ዓመት ልጅ ተሸክሞ በእርጥብ ደረጃ መውረድ አደገኛም አድካሚም ስለሆነ ለእናንተ የምመርጠው ፖስቶይናን ነው። በውስጡ ሙቀቱ በጋ ከክረምት 10 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከውጭ 30 ዲግሪ ቢሆንም ሹራብና የተዘጋ ጫማ ይዛችሁ ግቡ። የመግቢያ ሰዓቱ በቲኬቱ ላይ የተወሰነ ነው፤ በጁላይ ከቀናት በፊት ካልተያዘ ማለዳው ያልቃል።

ከፖስቶይና ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቆ ፕሬድያማ የተባለው ግንብ በ123 ሜትር ገደል ውስጥ ባለ ዋሻ አፍ ላይ ተሠርቶ ይገኛል። በማግሥቱ ሊፒትሳ ሂዱ፤ በ1580 የተመሠረተ የፈረስ ማርቢያ ነው። ታናሹ ልጃችሁ ነጮቹ ፈረሶች ጥቁር ውርንጭላ ይዘው ሲያይ የማን ልጅ ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የሊፒዛነር ፈረስ ጠቆር ብሎ ተወልዶ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ይነጣል።

ስለ ባሕሩ ብዙ አልልም። የስሎቬኒያ የባሕር ዳርቻ ርዝመቱ 46 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሲሚንቶ ወይም ጠጠር ነው። አሸዋ የሚጠብቅ ልጅ ያዝናል። የፒራን ጠባብ መንገዶችና የሴቾቭልየ የጨው ማምረቻ ኩሬዎች ግን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሉ። የሶቻ ወንዝ በሌላ በኩል ቢቀርባችሁ ያሳዝነኛል፤ በአውሮፓ ካየኋቸው ወንዞች ሁሉ ቀለሙ የሚገርመኝ እርሱ ነው። በወንዙ ሸለቆ ባለችው በቦቬትስ የሚደረገው የጎማ ጀልባ ራፍቲንግ ለአሥራ ሦስት ዓመቱ ይስማማል፤ ለአራት ዓመቱ አይሆንም፤ ለዘጠኝ ዓመቷም በዕለቱ የውኃ መጠን ይወሰናል። ከቦሂኝ መሄድ ከፈለጋችሁ መኪናችሁን የሚጭን ባቡር ከቦሂንስካ ቢስትሪትሳ ተነሥቶ፣ በ1906 በተከፈተውና ከስድስት ኪሎ ሜትር በሚበልጠው የተራራ ውስጥ ዋሻ አልፎ፣ «ሞስት ና ሶቺ» እስከምትባለው የሶቻ ሸለቆ መንደር ያደርሳል። መስመሩ ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ፕሮግራሙን ሳታዩ አትውጡ። በሰባት ቀን ውስጥ ግን ሶቻን ከጨመራችሁ ባሕሩን ቀንሱ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አታጭቁ።

ከመነሣታችሁ በፊት ማስተካከል ያለባችሁ ሦስት ነገር አለ። ስሎቬኒያ በመዥገር ከሚተላለፉ በሽታዎች ብዛት በአውሮፓ ግንባር ቀደም ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት፤ ኦስትሪያ ውስጥ ኤፍኤስኤምኢ ለሚሉት የአንጎል ብግነት ክትባት አለ፤ መከላከያው የሚጸናው በሳምንታት ልዩነት ከሚሰጥ ሁለተኛ መርፌ በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሚጀመር አይደለም። ላይም ለሚባለው በሽታ ግን ይህ ክትባት አይሠራምና በየማታው የልጆቹን ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጆሮ ጀርባና የራስ ቅል ፈትሹ፤ መዥገር ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት፤ ቅቤ፣ ዘይት ወይም ጋዝ መቀባት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ሁለተኛው የአውራ ጎዳና ክፍያ ነው፤ ከኦስትሪያው የተለየ፣ በሰሌዳ ቁጥር በኤሌክትሮኒክስ የሚመዘገብ ቪኝየት ድንበር ሳትሻገሩ ግዙ፤ ያለ እርሱ የተያዘ ቢያንስ 300 ዩሮ ይቀጣል። ሦስተኛው ሰነድ ነው፤ ሁለቱ አገሮች ሸንገን ውስጥ ቢሆኑም በድንበር ላይ ፍተሻ ሊኖር ስለሚችል የኦስትሪያ ዜግነት የሌላችሁ ከሆነ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ለአምስታችሁም በእጅ ይሁን።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። ቅዳሜ አትነሡ፤ በበጋ ቅዳሜ ወደ አድርያቲክ ባሕር የሚወርደው የመኪና ሰልፍ በሙሉ ከእናንተ ጋር ነው የሚነሣው፤ እሑድ ወይም ሰኞ ተነሡ። በግራትስና በማሪቦር በኩል አልፋችሁ ሉብሊያና ግማሽ ቀን ቁሙ፤ መሀሉ ለመኪና ዝግ ስለሆነ ልጆቹን ልቀቋቸው፣ ወደ ግንቡ በሐዲድ በሚሳበው ሊፍት ውጡ። ከዚያ አራት ሌሊት ቦሂኝ እደሩ፤ አንዱን ቀን ለቮገልና ለሐይቁ፣ አንዱን ለብስክሌቱና ለፕላኒትሳ፣ አንዱን ማለዳ ለብሌድ ስጡ። ቀሪዎቹን ሁለት ሌሊቶች በፖስቶይናና በባሕሩ መካከል በሚገኝ የገጠር ማረፊያ አሳልፉ። የአየር ትንበያው ዝናብ ካሳየ የዋሻውን ቀን ወደ ፊት ማምጣት የሚቻለው ቲኬቱን ሰዓቱ በሚቀየር መንገድ ከገዛችሁ ብቻ ስለሆነ ስትገዙ ይህን አጣሩ። የቦሂኝ ቤት ግን ዛሬውኑ ይያዝ፤ ለአምስት ሰው የሚሆኑት በሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱ ካለቁ በስታራ ፉዢና ወይም በቦሂንስካ ቢስትሪትሳ መንደሮች ፈልጉ።